እህቴና አራቱ የፌኖል መንገዶች

የጎልማሶች ክፍል አስተማሪያችን ስለምታውቁት ሰው ጻፉ ሲለን መጀመሪያ ብዕሬን አስቀመጥኩ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ የሚመጣ ሰው ወገቡን ያስለካኛል እንጂ ሆዱን አይነግረኝም። ስለዚህ ሰው አውቃለሁ ለማለት አፍራለሁ። የማውቀው እህቴን ነው፤ እሷንም ቢሆን እንጃ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ስለሆነ ጽሑፉ ከዚህም ከዚያም ቢጎተት አትፍረዱብኝ።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ኮምፔንሳቶ ፋብሪካ ውስጥ ኮላ ክፍል ትሠራለች። ኮምፔንሳቶ ስስ ስስ እንጨት እየተደራረበ፣ እየተጣበቀ የሚወጣው ጣውላ ነው። የሚያጣብቀውን ኮላ የምታበስለው እሷ ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር ማለቴ ነው። ኮላው የሚሠራው ፌኖል ከሚባል ነገር ነው። ፌኖሉ በበርሜል ይመጣላቸዋል፣ ከሌላ ነገር ጋር በትልቅ ብረት ድስት ያበስሉታል። ሽታው የሆስፒታል ኮሪደር ሽታ ነው። እህቴ ከሥራ ስትመጣ ከእሷ በፊት ሽታዋ ነው በሩን የሚያንኳኳው።

ፌኖል ሲነካ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ቆዳው ነጭ ይሆናል፣ ከዚያ ጭራሽ አይሰማም። እሷ ናት እንዲህ ያለችኝ። ጓንት ይሰጣቸዋል፤ ጓንቱ ግን ወፍራም ስለሆነ ትንንሹን ቧንቧ አያዞርም፣ ስለዚህ ያወልቁታል። በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ሠርታ የቀኝ እጇ ጣቶች ጫፋቸው ደንዝዟል። አንድ ቀን ወለል ላይ የተበተነ ስፒል ስትለቅምልኝ ቆይታ ወደ ምድጃው ሄደች። ዘወር ስል አንዱ ስፒል ጣቷ ላይ ተሰክቶ እንደቆመ ወጥ ታማስላለች።

«እትዬ፣ ጣትሽ!» አልኳት።

አየችው። ነቀለችውና «ያንተው ነው፣ እንካ» ብላ ሰጠችኝ።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ጣቷ ብቻ አይመስለኝም የደነዘዘው። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ እንደሆነ አላውቅም። አላለቀሰችም አልልም፤ ያን ሰሞን አልቅሳለች። ከዚያ ቆመ። ቤቷን ለቃ እኔ ጋ መጣች። በፊት ለፊቱ ክፍል እኔ እሰፋለሁ፣ በውስጠኛው እሷ ትተኛለች። ሲያወሯት ታወራለች፣ ሲያስቋት ትስቃለች፣ ግን ድምፁ ተቀንሶ እንደተከፈተ ሬዲዮ ነው። እኔም ያው ነኝ። ሁለታችን ማዕድ ስንቀርብ የሚሰማው ማንኪያ ብቻ ነው።

ነገሩ የመጣው ፋብሪካው አዲስ ደንብ ያወጣ ጊዜ ነው። ኬሚካል የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ ይፈተን፣ የወደቀ ወደ ማለስለሻ ክፍል ይዛወር ተባለ። ማለስለሻ ማለት ጣውላው በብርጭቆ ወረቀት የሚፋቅበት አዳራሽ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ብናኙ እንደ ዱቄት ይንሳፈፋል። ለሌላው ሰው ማስነጠስ ነው፤ ለእህቴ ግን ሌላ ነው፣ ምክንያቱም አስም አለባት። አንዴ ሰው ጎድሎ ለጥቂት ቀን እዚያ መድበዋት ነበር። ደረቷ እያፏጨ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ በሰው ትከሻ ወደ ክሊኒክ ተወሰደች። ሐኪሙ ያላት እኔ ባለሁበት ነው፤ «እዚያ ክፍል ተመልሰሽ ከገባሽ እኔን አትፈልጊኝ» አላት።

«ሥራውን ልቀቂዋ» አልኳት ደንቡን የነገረችኝ ቀን።

«ለቅቄስ?»

«እኔ ጋ ትሠሪያለሽ። ቁልፍ ትተክያለሽ።»

«በየትኛው ጣቴ?» አለችኝ።

የያዝኩትን ቁልፍ መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።

ፎርማናቸው ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ፊሽካ ስለሚያንጠለጥል ፊሽካ ነው የሚሉት። ሰብስቦ ሲያስረዳቸው እንዲህ አለ አሉ፤ «ፈተናው ስለምትነኩት ነገር ነው። ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚሠራ።»

ኮላ ክፍል ከእህቴ ጋር የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ ሳቂታ ነው የሚሏት። እጇን አውጥታ፣ «ጌታው፣ እኔ ከአማቴ ጋር አንድ ግቢ ስኖር ሃያ ዓመቴ ነው። አማቴን ማን እንደወለዳት እስካሁን አልጠየቅኩም። ጉዳቷን ችዬ መኖሬ አይበቃም?» አለችው። ሁሉም ሳቀ፣ ፊሽካ ራሱ ሳቀ። ይህን ያጫወተችኝ እህቴ ናት፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ።

ፋብሪካው አንድ ወጣት መምህር ቀጥሮ ከሥራ በኋላ ያስተምራቸው ጀመር። እህቴ በልጅነቷ አሥረኛ ደርሳለች፤ ከእኔ ጋር አትወዳደርም። መምህሩ ወረቀት አባዝቶ ሰጣቸው። ፈተናው ላይ አይቀሬው ጥያቄ ፌኖል የሚዘጋጅባቸው መንገዶች ናቸው፣ አራቱንም ከነሥዕላቸው እወቁ ብሎ አስጠነቀቃቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎም አጽናናቸው። ሳቂታ «እሱ እግር እስኪያወጣ እኛ በጡረታ እንወጣለን» አለችውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱን እየተወች ቤቷ ትሄድ ጀመር።

እህቴ ግን አልቀረችም። ማታ ማታ ወረቀቱን ይዛ ስፌት መኪናዬ አጠገብ ትቀመጥና ጮክ ብላ ታነባለች። ክሎሮቤንዚን፣ ሰልፎኒክ አሲድ፣ አኒሊን፣ ኩሚን። ወረቀቱን ገልብጣ በቃሏ ልትለው ስትሞክር የለም።

«ቃሉ ይገባል፣ ቃሉ ይወጣል» አለችኝ። «ቤቱ ውስጥ የሚቀበለው ሰው የለም።»

እኔ ጥያቄ መጠየቅ አልወድም፤ ሰው አላዋቂነቴን እንዳያይብኝ። እሷ ግን እህቴ ናት። አንድ እሁድ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል በጣቴ አሳየኋት።

«ይሄ ስድስት ጎን ያለው ምንድነው?»

«የቤንዚን ቀለበት።»

«መኪና የሚጠጣው?»

«አይደለም። እሱ ሌላ ነው። ዝም ብለህ ስማ።»

«እሺ። ይሄ ጎኑ ላይ የተንጠለጠለውስ?»

«ክሎሪን። ክሎሪኑ ይወጣና በቦታው ኦኤች ይገባል። ኦኤች ሲገባ ፌኖል ይባላል።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛው ሰልፎኒክ ነው። እሱም ይወጣል፣ ኦኤች ይገባል።»

«እትዬ፣ ይሄማ ቁልፍ መቀየር ነው!» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ለረጅም ጊዜ እንዲያ አላየችኝም ነበር።

ያን ቀን የደንበኛ ሱሪ ትቼ ስድስት ጎኑን ከወረቀቱ ላይ ገለበጥኩ። ልብስ በምቆርጥበት ወፍራም ወረቀት አወጣሁት፣ ከዚያ በነጭ አቡጀዲ ብዙ ቀለበት ቆረጥኩ። ለክሎሪኑ አረንጓዴ ብጣሽ፣ ለሰልፎኒኩ ቢጫ፣ ከአኒሊኑ ለሚወጣው ዳያዞኒየም ሰማያዊ፣ ለኦኤች ደግሞ ቀይ አደረግኩ። እሷ ብጣሹን በስፒል ትሰካለች፣ ትነቅላለች፣ ቀዩን ትተካለች። ጣቷ ባይሰማትም ዓይኗ ያያል።

ወረቀቱ የሚለው ሙቀትና ቅዝቃዜ ስለሚምታታባት ደግሞ ክፍሉን ለአራቱ መንገዶች ከፋፈልነው። ክሎሮቤንዚን ከኮስቲክ ሶዳ ጋር በኃይለኛ ግለትና ግፊት ነው የሚሠራው፤ እሱን ካውያው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አደረግነው። ሰልፎኒኩ ደግሞ ከቀለጠ ኮስቲክ ሶዳ ጋር ነው የሚሠራው፤ እሱም ካውያው አጠገብ፣ ከጀርባው። አኒሊኑ መጀመሪያ በበረዶ ቀዝቅዞ ዳያዞኒየም የሚባል ጨው ይሆናል፣ ቀጥሎ በውሃ ሞቅ ሲደረግ ናይትሮጂኑ አረፋ ሆኖ ይሄዳል፤ እሱን ውሃ ባልዲው ጋ አኖርነው። አራተኛው ኩሚን ነው። ኩሚን ቁልፍ መቀየር አይደለም፤ ከአየር ኦክስጂን ያስገባል፣ ከዚያ አሲድ ሲነካው ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ፌኖል አንዱ አሴቶን ይሆናል። ከአንድ ቁራጭ ሁለት ልብስ እንደማውጣት ነው አልኳት። እሱን አየር ስለሚወስድ መስኮቱ ላይ አንጠለጠልነው።

እንዲህ እየዞረች ታጠናለች። አንድ ነገር ብቻ ሁልጊዜ ትረሳ ነበር። በኮስቲክ ሶዳ የሚሠሩት ሁለቱ መጀመሪያ የሚሰጡት ፌኖል ሳይሆን ሶዲየሙ አብሮ የተጣበቀበት ነገር ነው፤ መጨረሻ ላይ አሲድ ካልተጨመረ ፌኖል አይሆንም። እሷ እዚያ ጋ ስትደርስ ጨረስኩ ብላ ትቀመጣለች።

«ክሩን አልቆረጥሽም!» እላታለሁ ከመኪናዬ ሳልነሳ።

«አሲድ» ትላለች ያኔ፣ ተነስታ።

አንዴ ሳቂታ መጥታ በር ላይ ቆማ አየችን። «ምነው እናንተ፣ መጫወቻ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?» አለች።

«ነይ ግቢ፣ አጥኚ» አለቻት እህቴ።

«አሴቶን ያልሽው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ነው አይደል? እሱን አውቃለሁ፣ ይበቃኛል» ብላ ሳቀችና ሄደች።

ስህተት እንዳለብን ያየው የፋብሪካው መምህር ነው። ሱሪ ሊያሳጥር መጣ፤ እግሩን ስለካለት ዓይኑ መስኮቱ ላይ ያለው ቀለበት ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድነው?»

እኔ አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ነበር። እህቴ ከውስጥ ወጣች።

«የቤንዚን ቀለበት ነው መምህር። ወንድሜ ነው የሠራልኝ።»

«እትዬ፣ ክቡስ የት አለ? ስድስት ጎኑ ውስጥ ክብ አለ እኮ፣ ወረቀቱ ላይ» አለ መምህሩ።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ስፒሉን ከአፌ አወጣሁ።

«ክቡን አይቼዋለሁ» አልኩ። «ግን ... በእኛ ሥራ የውስጠኛው መስመር መርፌ የሚሄድበት ነው። መቀስ የሚሄደው በውጪው ነው። ሲቆረጥ የውስጡ አይገለበጥም። የስፌት መስመር መስሎኝ ነው የተውኩት።»

መምህሩ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። «ያለ ክቡ ሌላ ነገር ነው እኮ። ሳይክሎሄክሴን ይባላል። እሱ ላይ ኦኤች ቢሰኩበት ፌኖል አይደለም የሚያገኙት፣ አልኮል ነው። ፈተና ላይ ክቡ ከሌለ ሥዕሉ በሙሉ ዜሮ ነው። በእጅዎም እንዲህ ነው የሚስሉት?»

«አዎ» አለች። «እጄ እንዲህ ነው የለመደው።»

«ፈተናው እኮ ደርሷል እትዬ።»

«እሺ» አለች እህቴ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሱሪውን ሁለት ጊዜ ለካሁት።

መምህሩ ሲሄድ ቀለበቶቹን ሁሉ ሰብስቤ በጥቁር ወፍራም ክር ክብ ክብ ሰፋሁባቸው። እሷ ቁጭ ብላ ባዶ ወረቀት ላይ ስድስት ጎን ትስላለች፣ ክብ ትጨምራለች፣ ስድስት ጎን ትስላለች፣ ክቡን ትረሳለች። ሳቂታ ወሬውን ፋብሪካ ውስጥ ሰምታ «እህትና ወንድም በራችሁን ዘግታችሁ አልኮል ስታወጡ ነበር ለካ!» ብላ አገሩን ሁሉ አሳቀችብን። እህቴ ይህንንም እንደ ሌላው ነገረችኝ።

የፈተናው ቀን እስከ ፋብሪካው በር ሸኘኋት። በሩ ላይ «በርቺ» ልላት ፈልጌ «ጃኬትሽ ኮሌታው ተገልብጧል» ነው ያልኩት። አስተካከለችው፣ ገባች።

ስትመለስ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር።

«እንዴት ነበር?»

«መጣ።»

«ምኑ?»

«ፌኖል። ሁለቱን መንገድ ከነሥዕሉ አሳዩ ነው የሚለው።»

«የትኞቹን ሠራሽ?»

«ካውያው ጋ ያለውን ክሎሪኑን፣ ባልዲው ጋ ያለውን።»

«ክሩንስ?»

«ቆርጫለሁ። አሲዱን ጽፌያለሁ።»

«ክቡንስ እትዬ?»

ጫማዋን እያወለቀች ነበር። አንዱን እግር ይዛ ቆመች።

«አላስታውስም» አለች።

«እንዴት አታስታውሺም?»

«አላስታውስማ። ጻፍኩ፣ ሰጠሁ፣ ወጣሁ። ወረቀቱ ዓይኔ ላይ አይመጣም።» ሌላውን ጫማ አወለቀች። «ከወደቅኩም ወደቅኩ ነው።»

እንዲህ ስትል ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት ፈለግኩ። አልነበረም። ከወደቀች ምን እንደሚመጣ ግን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ያ አዳራሽ ነው፣ ያ ዱቄት ነው። እስከ ውጤቱ ድረስ እኔ ነኝ ያልተኛሁት። የቀኙን እጅጌ በግራው ገጥሜ የሰው ኮት አበላሸሁ። እሷ በሰዓቷ ትነሳለች፣ በሰዓቷ ትመለሳለች። ሰው ሲያለቅስ አብሮ ማልቀስ ይቻላል፤ ዝም ካለ ሰው ጋር ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማረኝም።

ውጤቱን ፊሽካ ነው ቆሞ ያነበበው። እህቴ ቤት ገብታ ውሃ ጠጣች፣ ኩባያውን አጠበች፣ ከዚያ «አልፌያለሁ» አለችኝ።

ተነስቼ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር፣ አውርጄ መልሼ አንጠለጠልኩት። «ክቡን አድርገሻል ማለት ነዋ!»

«ወይ አድርጌያለሁ፣ ወይ ያረመው ሰው አዝኖልኛል። ወረቀቱን አያሳዩንም።»

«እና አሁን ...»

«ያው ኮላ ክፍል ነኝ። ያው በር፣ ያው ድስት።»

«ደስ አላለሽም?»

አሰበች። እውነቷን ነው፣ አሰበች። «መተንፈስ እችላለሁ» አለች። «ጣቴን ለትንፋሼ ሰጠሁት በለው።» ከዚያ «ሳቂታ ወድቃለች» አለች።

ሳቂታ ማለስለሻ ክፍል ገባች። ደረቷ ጤነኛ ስለነበረ ማንም አልደነገጠላትም፤ እሷም «ዱቄት ቤት ገባሁ፣ ዳቦ መጋገር ቀረኝ» እያለች ትስቅ ነበር አሉ። የወደቁት በሚቀጥለው ዙር ደግመው ተፈትነው ካለፉ ወደ ክፍላቸው መመለስ ይችላሉ ተብሏል።

አንድ እሁድ እየሰፋሁ በሩ ተንኳኳ። ሳቂታ ናት። ታጥባ መጥታለች፣ ግን ቅንድቧ ውስጥ ነጭ ነጭ ብናኝ ቀርቷል።

«ልብስ ሰፊው፣ እህትህ አለች?»

«አለሁ፣ ግቢ» አለቻት እህቴ። ቀለበቶቹንና ብጣሾቹን ከሳጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ቀድማ ደርድራቸዋለች። እንደምትመጣ ለኔ አልነገረችኝም።

«እንዲያው ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው» አለች ሳቂታ።

«ሰላም ብለሻል። አሁን ተቀመጪ። ይሄ አረንጓዴው ምንድነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ሰላጣ ነዋ» አለችና ስትስቅ ሳል ያዛት። ሳሉ አላቆም አለ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ሳለች፤ ቀና ስትል ዓይኗ ውሃ ሞልቷል፣ ፈገግታው ግን ፊቷ ላይ እንዳለ ነው፣ ማውረዱን የረሳችው ይመስላል።

እህቴ ቆማ ታዳምጣታለች። እኔ ያን አዳማመጥ አውቀዋለሁ፤ የራሷን ደረት የምታዳምጠው እንዲያ ነው። ሳቂታን ክንዷን ይዛ፣ ብናኝ ካለበት ከኔ ስፌት መኪና አርቃ፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ጎተተችላት።

«አትሳቂ!» አለቻት። «ሰማሽኝ? አራቱን መንገድ አንድ በአንድ ሳትነግሪኝ ከዚህ ቤት አትወጪም። ክሎሪን ነው። በይው።»

«ኧረ ቀስ፣ ምን ሆነሻል?»

«በይው!»

ድምፅዋ ግድግዳውን አልፎ ሄደ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ስትጮህ አልሰማሁም። ጎረቤት ጠብ መስሎት እንዳይመጣ ብዬ መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁ።

«ተወው» አለችኝ ሳትዞር። «አየር ይግባላት።»